የበጃጁ መብራት ስንት ይሮጣል?

ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ የሚኖር የፊዚክስ መምህር የማስተማሪያ መሣሪያ አያጣም። ሲመሽ ከጁገል ግንብ ውጪ ጅቦቹ ይሰበሰባሉ። ቀላቢው ሥጋ በእንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ ይጠራቸዋል፤ እንግዳ ያመጣው በጃጅ ፊቱን ወደ ጨለማው አዙሮ ያበራል፤ መጀመሪያ የሚታየው ዓይናቸው ነው።

አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪዬ ይህንኑ አይታ መጣች። «ቲቸር፣ በጃጁ ቆሞ ሲያበራና ወደ ጅቡ እየነዳ ሲያበራ፣ የብርሃኑ ፍጥነት አንድ ነው?»

አንድ ነው አልኳት።

«ለምን?»

ለዓመታት የሰጠሁት መልስ «ብርሃን ልዩ ነው፤ በሙከራ ተረጋግጧል» የሚል ነበር። ይህ መልስ አይባልም፤ ልጅን ወደ መቀመጫው መመለሻ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሆኑም ይመቸናል፤ ያልገባንን ነገር በባዕድ ቃል ሸፍነን እናልፋለን። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ላስረዳ ስል ነው የጎደለኝ የሚታወቀኝ።

ከሚሄድ በጃጅ አጥንት ወደ ፊት ብንወረውር የበጃጁ ፍጥነት ይደመርለታል። ጡሩምባው ግን ሌላ ነው። ድምፁ አንዴ ከወጣ በአየሩ ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ሾፌሩ ቢከንፍም አይጨምርለትም። ወደ ድምፁ የሚሮጥ ሰው ግን ፈጥኖ ሲመጣበት ያገኘዋል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ብርሃንንም እንዲሁ አሰቡት፤ ለብርሃን አየር የሚሆነውን ነገር ኤተር አሉት። መሬት ፀሐይን ስትዞር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትሮጥ የኤተር ነፋስ ሊነፍስብን ይገባ ነበር። ማይክልሰንና ሞርሊ በ1887 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ፈለጉት። የጠበቁት ነፋስ አልነበረም።

አሁን አሁን ግን የምጀምረው ከዚያ በፊት ነው። በ1856 እ.ኤ.አ. ቬበርና ኮልራውሽ የተባሉ ጀርመናውያን በብርጭቆ ማሰሮ የተጠራቀመ የኤሌክትሪክ ሙል ይለኩ ነበር፤ አንዴ በሚገፋው ኃይል፣ አንዴ ሲፈስ በሚፈጥረው ማግኔት። ከሁለቱ ልኬቶች ንጽጽር የወጣው ቁጥር በሰከንድ 310,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ብርሃን ራሱ አልተለካበትም። ቁጥሩ ለብርሃን ፍጥነት እጅግ የቀረበ መሆኑ የፊዚክስ ሊቁን ማክስዌልን ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የማግኔት ማዕበል ነው ወደሚለው ሐሳብ መራው።

መልሱ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ሻይ ሲቀዳ ወደ ኋላ አይፈስም፤ አየሩ ጸጥ ካለና መስኮቱ ከተዘጋ፣ መብረራችንን የሚነግረን ምንም ሙከራ የለም። የቬበርን ማሰሮ እዚያ ብንወስደው ያው ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ያው ከሆነ፣ ከእሱ የሚወጣው የብርሃን ፍጥነትም ለተሳፋሪውና ጁገል ላይ ለቆመው ሰው ያው ነው። በ1905 እ.ኤ.አ. አይንሽታይን ያደረገው ይህን ሳይሸሽ መቀበል ነው።

ዋጋ ግን አለው። ፍጥነት ከእንግዲህ እንዲሁ አይደመርም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄዱ ሁለት በጃጆች ፊት ለፊት ሲመጡ፣ አንዱ ሾፌር ሌላውን ከ80 እጅግ በጥቂቱ ባነሰ ፍጥነት ያየዋል። ምን ያህል? አስልቼዋለሁ፤ በሰዓት የአንድ አቶም ስፋት ያህል ነው። ለዚህ ነው በመንገዳችን ላይ ማንም ያላስተዋለው። ፍጥነቱ ወደ ብርሃን ሲጠጋ ግን ጉድለቱ ግዙፍ ይሆናል፤ ብርሃን ላይ የተደመረ ሁሉ ይዋጣል። ሰዓትና ርዝመትም ለሚሄድና ለቆመ አንድ መሆናቸው ይቀራል፤ ይህኛውን ለመዋጥ ተማሪዎቼ አንድ ሳምንት ይበቃቸዋል፣ እኔ የበለጠ ፈጅቶብኛል።

«ብርሃን ልዩ ነው» ማለቴም ስህተት ነበር። የፍጥነት ወሰኑ የቦታና የጊዜ ነው፤ ብርሃን ክብደት አልባ ስለሆነ ብቻ ወሰኑ ላይ ይሄዳል። ብርሃን ያልሆነ ነገርም እዚሁ ወሰን ላይ ይሄዳል፤ በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ከሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ግጭት የተነሳ የስበት ማዕበልና የጋማ ብርሃን 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዘው በ1.7 ሰከንድ ልዩነት መሬት ደረሱ።

ይህን ሁሉ ሰምታ ልጅቷ ሌላ ጠየቀች። «እሺ ቲቸር፣ ለምን በትክክል በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ሆነ?»

ይቺ ቀላል ነበረች። ቁጥሩን የወሰነው ሰው ነው። ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜትር ማለት ብርሃን በሰከንድ 1/299,792,458ኛ ውስጥ የሚሄደው ርቀት ነው። መኪና ግርግር በተባለው መንገዳችን ያሉት ልብስ ሰፊዎች አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ሜትርም የሚለካው በዚሁ ነው አልኳት። ሳቀችብኝ፤ በማግስቱ የእናቷን የልብስ መለኪያ ይዛ ክፍል ገባች።