የሐበሻ ጎመን፣ ከዘር እስከ ዘር

መጋቢት ላይ ጎመን ይወደዳል። ሁዳዴው አልተገባደደም፤ የበጋው ፀሐይ ጓሮውን አድርቆታል፤ ጉልት ላይ የምትቀርበው እስር ደግሞ በየሳምንቱ ትቀጥናለች። የበልጉ ደመና ብቅ ጥልቅ ማለት የሚጀምረውም በዚሁ ሰሞን ነው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ፀደይ መጋቢት 26 ይገባል። ዝናቡ ግን ቀጠሮ አያውቅም፤ አንዳንድ ዓመት የካቲት ላይ ይቀድማል፣ አንዳንዱን እስከ ሚያዝያ ያስጠብቃል። ጓሮ ያለው ሰው፣ ጓሮ ባይኖረው በረንዳ ያለው ሰው፣ የጎመን ዘር አፈር ማስነካት ያለበት አሁን ነው።

«ከጎመን ሌላ ምን ጠፍቶ?» የሚል አይጠፋም። ቲማቲም አለ፣ ቃሪያ አለ፣ ሰላጣና ቆስጣም አለ። ቲማቲም ግን ድጋፍና ንቁ ዐይን ይፈልጋል፤ ዝናቡ ከበረታበት ቅጠሉ እየጠቆረ ይረግፋል። የሐበሻ ጎመን ተወላጅ ነው። የዕፅዋት አጥኚዎች መነሻውን የኢትዮጵያ ደጋ ያደርጉታል፤ ብርዱንም፣ የቀትሩን ፀሐይም፣ የሚቆራረጠውን ዝናብም ለምዶታል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ክብሩ ላይ ግን ንፉጎች ነን። «ጎመን በጤና» የሚለው አባባላችን እንኳ የሚያመሰግነው ጤናን ነው፤ ጎመንን የጠራው ከእሱ በታች የሚበላ ስላጣ ይመስላል።

ለአንድ ቤተሰብ ሃያ ሠላሳ እግር ጎመን ይበቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዘር ቁንጥር ነው። አንዷ ፍሬ ከጤፍ ፍሬ አሥር እጥፍ ያህል ብትመዝንም አንድ የሻይ ማንኪያ ሺህ ያህል ፍሬ ይይዛል። ማንኪያውን ሙሉ መደብ ላይ የገለበጠ ሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚያገኘው እርስ በርሱ የሚተናነቅ ቀጭን ቡቃያ ብቻ ነው።

ችግኝ ማፍላት ቀላል የሚመስለው ሌላው ሰው ሲሠራው ነው። አፈሩ ጓል እንዳይኖረው በእጅ ይፈረካከሳል፤ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ይቀላቀልበታል። ፍጉ መብሰሉን ለማወቅ እጅ መስደድ ነው፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ የሚሞቅ ከሆነ ገና ነው፣ ሥር ያቃጥላል። ከዚያ በጣት ቦይ ይሠመራል፣ አንዱ መሥመር ከሌላው አንድ ጋት ያህል ይራቅ። ዘሩን እንዳለ ከመበተን ከደረቅ አሸዋ ወይም ከተነፋ አመድ ጋር ቀላቅሎ መዝራት ይሻላል፤ ያኔ እጅ ላይ አይከማችም፣ የት እንደወደቀም ይታያል። ከላይ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ አፈር ይለብሳል፣ በሣር ይሸፈናል፣ አፈሩን በማይቆፍር ስስ ውሃ ይጠጣል።

አራተኛው አምስተኛው ቀን ላይ ሣሩን ገለጥ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። የልብ ቅርጽ ያላቸው ጥንድ ጥንድ ቅጠሎች ብቅ ብለው ከሆነ ሣሩ በዚያው ዕለት መነሳት አለበት። ከዘገየ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ነጥቶ ይመዘዛል፤ ያ አንገት ኋላ አይጠናም። ከዚህ ወዲያ ዋናው ጠላት ዶሮ ነው። ማንኛውም ዶሮ፣ የጎረቤትም ቢሆን፣ ለስላሳ መደብ ካየ አልፎ አይሄድም፤ ዙሪያውን እሾህ መጣል ሳይሻል አይቀርም።

ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ከአንድ ወር ከትንሽ በኋላ፣ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል። ጥቂት ቀን ሲቀረው ውሃውን መቀነስ ያጠነክረዋል፤ ሊነቀል ሲል ግን መደቡን በደንብ ማርጠብ ሥሩ እንዳይበጠስ ያደርጋል። ሰዓቱ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ቀኑ ደመና ከሆነ ደግሞ ማንኛውም ሰዓት ይሆናል። በችግኝና በችግኝ መካከል ስንዝር ተኩል፣ በመሥመርና በመሥመር መካከል ሁለት ስንዝር ከትንሽ። ሥሩ ወደ ላይ ታጥፎ ከተተከለ ጎመኑ ሳይሞት፣ ሳያድግም፣ እንዲሁ ይከርማል። በልጉ ካታለለና ዝናቡ ከተቋረጠ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በባልዲ መድረስ ግድ ነው።

አንዳንዱ ገበሬ መደብም ማዛወርም አይልም። በቀጥታ ይበትነዋል፣ ሲጨናነቅ ትንንሹን እየነቀለ ይበላዋል፣ የተረፈው ራሱን ችሎ ያድጋል። ሰፊ መሬት ላለው ሰው ምንም ነውር የለውም፤ ሁለት ክንድ መሬት ላለው ከተሜ ግን ብክነት ነው።

የጎመን በሽታ አለ፣ ትል አለ፣ ጓሮ አታካች ግን እንደ ክሽክሽ የለም። ከቅጠሉ ሥርና ከልቡ አጠገብ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰ ከመሰለ እሱ ነው። ሴቷ ክሽክሽ ወንድ ሳያስፈልጋት፣ እንቁላልም ሳትጥል፣ ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ ስለዚህ ዛሬ በአንድ ቅጠል ላይ የታየው መንጋ ለሳምንቱ መደቡን ሁሉ ቢያለብሰው አይገርምም። እናቶች አመድ ይነሰንሱበታል። እኔ የማምነው በማለዳ ጉብኝት ነው፤ የተያዘችውን የመጀመሪያ ቅጠል ቀንጥሶ መቅበር፣ የቀረውን በሳሙና ውሃ ማጠብ። ቀይዋ ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ ከመጣች ደግሞ እሷን መተው ነው፤ ምግቧ ክሽክሽ ነው። የተባይ መርጫ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገድለው እሷን ነው። ጠንካራ ዝናብም ክሽክሹን አጥቦ ይወስደዋል፤ ችግሩ የሚብሰው በደረቁ ወራት ነው።

ከተዛወረ ከአንድ ወር በኋላ ገደማ ለቀማ ይጀመራል። እዚህ ላይ የገበያው ልማድና የጓሮው ልማድ ይለያያሉ። ለገበያ የሚያመርተው አንዳንዴ ከነሥሩ ነቅሎ ያስራል፤ ባለ ጓሮ ግን ከታች ወደ ላይ እየቀነጠሰ፣ ከጫፉ አራት አምስት ቅጠል እያስቀረ ለወራት ይበላል። ቅጠሉ ወደ ጎን ተገፍቶ ነው የሚቀነጠሰው፤ ወደ ታች ከተሳበ የግንዱን ልጥ ይዞ ይወርዳል፣ ቁስሉም የበሽታ በር ይሆናል። ማበብ ሲጀምር ቅጠሉ እየከረረና እየመረረ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ያልፈነዳውን እምቡጥ ከለጋ ግንዱ ጋር ቀንጥሶ ማብሰል ነው። ይህን ሞክሮ የሚያውቅ ሰው ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ ያሳዝናል።

ጥሬ ቅጠሉን ያኘከ ሰው ከኋላ የሚመጣ ስስ ቃጠሎ ያገኛል። ያ ቃጠሎ የዘር ሐረግ ምስክር ነው። የሐበሻ ጎመን፣ በሳይንሱ ስም ብራሲካ ካሪናታ፣ ጥንት ሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገን የሆነ ተክል ተዳቅለው የወለዱት ነው። ይህን በ1935 እ.ኤ.አ. ያሳየው ናጋሃሩ ዩ በሚል ስም የጻፈው፣ ከኮሪያዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት ቶኪዮ ውስጥ የተወለደው ዉ ጃንግ ቹን ነው። መንገዱ ክሮሞዞም መቁጠርና ማዳቀል ነበር። ሰናፍጭ 16 አለው፣ የጥቅል ጎመን ወገን 18 አለው፣ የእኛው ጎመን ደግሞ 34፤ የአባቱንም የእናቱንም አንዱን ሳይጥል አንድ ላይ ይዟል። ሳይንቲስቱ ስድስት የብራሲካ ዝርያዎችን በዚህ መልክ አዛምዶ ባለ ሦስት ማዕዘን ሥዕል ላይ አስቀመጣቸው፤ የዘርፉ ተማሪዎች ዛሬም «የዩ ሦስት ማዕዘን» እያሉ ይማሩታል። ከማዕዘኑ አንዱ ጎን ላይ የተቀመጠው በጉልት በእስር የሚሸጠው የእኛ ጎመን ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች «ጎመን» ብለው የሚያቀርቡት ኮላርድ ግሪን የዚሁ ዘመድ ነው፣ በጥቅል ጎመኑ በኩል። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ረዘም ያለ እሳት ይፈልጋል፣ ሰናፍጩ የለበትም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጓሮ ያላቸው ወገኖች እውነተኛውን ከፈለጉ በፈረንጆቹ መጋቢት ቤት ውስጥ መስኮት ዳር አፍልተው፣ ከባዱ ውርጭ ካለፈ በኋላ ሊያወጡት ይችላሉ። መዘግየት ግን አያዋጣም፤ ቀኑ ሲረዝምና ሙቀቱ ሲበረታ ቶሎ ወደ አበባ ይሮጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ በቤት የመትከሉ ጉዳይ ከጣዕምና ከዋጋ ያልፋል። በከተማው ገበያ ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል ከፊሉ የሚለማው ከቤትና ከፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽ በሚቀላቀልበት በአቃቂ ወንዝ ውሃ ነው፤ በዚያ አትክልት ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከባድ ብረቶችን አግኝተውበታል። እነዚህ በማጠብም በመቀቀልም አይወጡም። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ሃያ ሊትር ጀሪካን አንገቱን ቆርጦ፣ ታቹን በስቶ፣ ሁለት እጅ አፈርና አንድ እጅ ብስባሽ መሙላት በቂ ነው። አንድ ጀሪካን አንድ እግር ጎመን በደንብ ይችላል፤ ሁለት ከተተከለበት ሁለቱም ይቀጭጫሉ። የግማሽ ቀን ፀሐይ የማያገኝ በረንዳ ላይ ግን አለመድከም ነው፤ ለዚያ ዓይነቱ በረንዳ ሌላ ተክል ይፈለግ።

አሁን ወደ ዘሩ። ጥቅል ጎመን ጓሮ ውስጥ ቢተክሉት ዘር አይሰጥም ማለት ይቻላል፤ ለማበብ ረዘም ያለ ብርድ ይፈልጋል፣ ቢያብብም አንድ እግር ብቻውን ሆኖ በራሱ ብናኝ ዘር መያዝ ይቸግረዋል። ስለዚህ ዘሩ ከውጭ በቆርቆሮና በከረጢት ይመጣል፣ በየዓመቱም ይገዛል። የሐበሻ ጎመን እዚያው በቆመበት ያብባል። አራት ቅጠል ያለው፣ መስቀል የሚመስል ቢጫ አበባው በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ይራባል። ለሻጭ ሳይከፍሉ ከዓመት ዓመት መዝለቅ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለእኔ ከሌላው አትክልት የሚያስበልጠው ይኸኛው ጠባዩ ነው።

ዘሩ ከመዝሪያነቱም ሌላ ሥራ አለው። የእንጀራ ምጣድ የሚያሰስ ሰው ያውቀዋል፤ የተወቀጠው ጎመን ዘር በጋለው ምጣድ ላይ ሲታሽ ቅባቱ ይወጣና እንጀራው ሳይያዝ ይነሳል። ይኸው ቅባት ሩቅ ሄዷል። ኢሩሲክ አሲድ የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት ብዙ አገሮች ለምግብ ዘይትነት ገደብ ያደርጉበታል፤ ለነዳጅ ግን ይመቻል። ጥቅምት 29 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. በኦታዋ ሰማይ የካናዳ ብሔራዊ ምርምር ምክር ቤት አንዲት ፋልከን 20 ጄት ምንም የተለመደ ነዳጅ ሳይቀላቀልበት ከካሪናታ ዘር በተሠራ ነዳጅ ብቻ አበረረ። በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቃንታስ ከሎስ አንጀለስ እስከ ሜልበርን ባደረገው በረራ አሥር በመቶውን ነዳጅ ከዚሁ ዘር አገኘ። እኛ ምጣድ ላይ፣ እነሱ ሞተር ውስጥ። በአገር ቤት የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዘይት እህልነት ሲሠራበት ቆይቷል፤ «ዬሎ ዶዶላ»ና «ሆለታ-1» ከተለቀቁት ዝርያዎች መካከል ናቸው። በጓሮ ለቅጠሉ የሚተከለው ግን አሁንም በአብዛኛው ከእናት ለልጅ፣ ከጎረቤት ለጎረቤት የመጣው ነው።

የዘር አያያዙ ላይ አንድ ስሕተት በብዙ ቤት ይደገማል። ሰው የሚበላውን ለቅሞ ሲጨርስ ቀድሞ ያበበውን ጎመን «ይኸ እንኳ ለዘር ይሁን» ብሎ ይተወዋል። ቀድሞ የሚያብብ ጎመን ልጆቹም ቀድመው ያብባሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቅጠሉ ሳይጠገብ አበባ የሚያወጣ ዘር ይተርፋል። ለዘር መመረጥ ያለበት ቅጠለ ሰፊው፣ ክሽክሽ ያልደፈረውና አበባው የዘገየው ነው፤ ከተቻለ አራት አምስት እግር ይመረጥና ክር ይታሰርበት፣ ከዚያ ማንም አይንካው። ቀጫጭኖቹ ፍሬዎች ከታች ጀምረው ቢጫ ሲሆኑ፣ ሳይፈነዱ በፊት፣ ግንዱ ተቆርጦ ጨርቅ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ በእጅ ታሽቶ በሰፌድ ይበጠራል።

በደንብ የደረቀ ዘር ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ሦስት አራት ዓመት ይበቅላል፤ ከምድጃ በላይ የተሰቀለው ግን ሙቀቱ ያረጀዋል። ቋጠሮው ላይ ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ ይጠቅማል። ያልተጻፈበት አሮጌ ቋጠሮ የተገኘ እንደሆነ አሥር ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሳምንት ማቆየት ነው። ስምንት ከበቀለ ያለ ሥጋት ይዘራል፤ ስድስት ከሆነ ጠቅጠቅ ተደርጎ ይዘራል። ከአምስት በታች ከሆነ ለምጣዱ ይሁን፣ ለመደቡ ከጎረቤት መለመን ይሻላል።