የሕግ ረቂቅና የዕድርተኛው ቃል

ሕግ ሲረቀቅ «ሐሳብ ስጡ» የሚል ጥሪ ይሰማል። ሐሳብ የሚሰጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃውና ነጋዴው ነው፤ የሰፈር ዕድርተኛ ሕጉን የሚያውቀው በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣ በኋላ፥ ይልቁንም ሲከሰስበት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ጽፏል። መብቱ ከተጻፈ ዘንድ የቀረው አጻጻፉን ማወቅ ነው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1320 በ2016 ዓ.ም. ከመጽደቁ በፊት፥ የአንድ ዕድር ሰዎች ደብዳቤ እንድናቃናላቸው ጠየቁን። ወረቀታቸው አራት ገጽ ነበር፤ ሦስቱ ሰላምታና ምሬት ሲሆን፥ ዋናው ጉዳይ በአራተኛው ገጽ ግርጌ ተደብቋል። ረቂቁን ያነበበ ግን ከመካከላቸው አልነበረም።

እኛም ከዚህ የባሰ ስሕተት ሠራን። ደብዳቤውን በትምህርት ቤት አማርኛ አስጊጠን ጽፈን በዕድሩ ስብሰባ ላይ አነበብንላቸው። አንዲት ክፍል እያከራዩ የሚተዳደሩ እናት ሰምተው ሲጨርሱ፥ «ልጆቼ፥ እጃችሁ ይባረክ፤ አምሯል። ነገር ግን እኔ የለሁበትም» አሉን። እውነታቸውን ነበር። ስለዚህ እንደገና ጀመርን፤ የተማርነውም የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ፥ ረቂቁን አግኝቶ ከዕድርተኛው ጋር ጮክ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ የሚለው ሐሳብ ሲነበብ፥ እኒያ እናት ክፍሏን ልጃቸው ከክፍለ ሀገር ሲመለስ እንደሚፈልጓት ተናገሩ። ደብዳቤው የጎደለው ይህ ነበር።

ሁለተኛ፥ አንቀጹን በቁጥሩ መጥራት፤ ከሥሩም በማን ላይ ምን እንደሚያደርስ በተናጋሪው ቃል ማስፈር። ስንት ቤተ ሰብ እንደሚነካ ከዕድሩ መዝገብ ቆጥሮ መጻፍ እንጂ «ብዙ ሕዝብ» ማለት አይበቃም።

ሦስተኛ፥ «ይታሰብልን» ብሎ አለማቆም። «ከዚህ ቃል ቀጥሎ እንዲህ የሚል ይጨመር» ብሎ ምትክ ሐሳብ ማቅረብ ይገባል፤ አርቃቂው ሊሠራበት የሚችለው ይህን ነውና።

አራተኛ፥ ልመናውን በመጀመሪያው መስመር አስቀምጦ ከሁለት ገጽ አለማስበለጥ። ረቂቁ ገና በመሥሪያ ቤት ካለ ለአርቃቂው፥ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ ከሆነ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይላካል። ቀንና የዕድሩ ማኅተም አይዘንጋ፤ ግልባጩም በተቀባይ ፊርማ ይቀመጥ።

ይህ መንገድ ፍሬ የለውም የሚል ሰው የቤተ ሰብን ሕግ ይመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 581 ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ፥ በአንቀጽ 635 ደግሞ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ ያደርግ ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለተበደሉ ሴቶች የሕግ ርዳታ ሲሰጥ ያየውን ይዞ እንዲሻሻል ተከራከረ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገ፤ ባልና ሚስትንም እኩል አደረጋቸው። ማኅበሩ ብቻውን አደረገው አንልም፤ ክርክሩ ግን በችሎት ደጅ ከታየ ኑሮ የተነሣ ነበር።

የእኛ ዕድር የጠየቀው ሁሉ ተፈጸመ ብለን አንመካም። ሁለተኛውን ደብዳቤ ስናነብ ግን እኒያ እናት፥ «አሁን እኔ ነኝ» ብለው ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ብዕር የያዝን ተማሪዎች ሥራችን ይህ ነው፤ ለሰው መናገር ሳይሆን፥ የተናገረው ሳይጠፋ እንዲደርስ ማድረግ።