የካንቶን ኦፔራ፦ ቋንቋ የሚመራው ዜማ

የካንቶን ኦፔራ በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግና በጓንግሺ፣ እንዲሁም በሆንግ ኮንግና በማካው ሥር የሰደደ የሙዚቃ ቲያትር ነው። ባለቤቶቹ «ዩት ኬክ» ይሉታል፤ «ዩት» የአካባቢው ጥንታዊ መጠሪያ ሲሆን «ኬክ» ተውኔት ማለት ነው። ምሰሶዎቹ ዘፈን፣ ንግግር፣ የሰውነት እንቅስቃሴና ፍልሚያ ናቸው፤ የተሟላ ተዋናይ የሚባለውም አራቱንም የተካነ ነው።

ዋነኞቹ የዜማ ስልቶቹ፣ «ባንግዚ» እና «ኤርኋንግ»፣ በደቡብ የተወለዱ አይደሉም፤ ከሌሎች የቻይና ግዛቶች በመጡ ተዘዋዋሪ ቡድኖች የገቡ ናቸው። የመጀመሪያው ማዕከል የፎሻን ከተማ ነበር። በፐርል ወንዝ መዳረሻ ያለው ምድር ወንዝና ቦይ የበዛበት በመሆኑ ቡድኖቹ ቀይ ቀለም በተቀቡ ጀልባዎች ከመንደር መንደር ይዞሩ ነበር። ጀልባው መጓጓዣም፣ ማደሪያም፣ የዕቃ ግምጃ ቤትም ነበር። የሙያው ሰዎች ዛሬም «የቀይ ጀልባ ልጆች» ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1854 ሊ ዌንማኦ የተባለ ተዋናይ ባልደረቦቹን አስከትሎ በቺንግ ሥርወ መንግሥት ላይ ሸፈተ። ገዢዎቹም ኦፔራውን ከለከሉ፤ በፎሻን የነበረውን የተዋንያን ማኅበር አዳራሽም አፈረሱ። ክልከላው ከአሥር ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ሙያው አገገመ፤ በ1889 በጓንግዡ አዲስ የተዋንያን ማኅበር ተመሠረተ።

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ በመድረክ ይነገር የነበረው የሰሜኑ የመኳንንት ቋንቋ ነበር። የቺንግን አገዛዝ ለመጣል የተነሡ አብዮተኞች ግን ሐሳባቸው ለሕዝቡ እንዲደርስ በአካባቢው ቋንቋ፣ በካንቶንኛ፣ መጫወት ጀመሩ። ቀስ በቀስ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ቋንቋው ሲለወጥ አዘፋፈኑም ተለወጠ፤ ወንድ ገጸ ባሕርያት ይዘፍኑበት የነበረው ቀጭን ድምፅ ቀርቶ በተፈጥሮ ድምፅ መዝፈን ተለመደ።

የኦፔራው ልዩ ጠባይ የመጣው ከዚህ ለውጥ ነው። ካንቶንኛ ስድስት ቃና አለው፤ አንድ ቃል በከፍተኛ፣ በዝቅተኛ፣ በሚወጣ ወይም በሚወርድ ድምፅ ሲነገር ፍቺው ይለያያል። ለምሳሌ «ሲ» የሚለው ድምፅ እንደ ቃናው ግጥም፣ ታሪክ፣ ሙከራ፣ ጊዜ፣ ገበያ ወይም ጉዳይ ይሆናል። ዜማው የቃሉን ቃና ከጣሰ አድማጩ ሌላ ቃል ይሰማል። ስለዚህ በባንግዚና በኤርኋንግ ስልት ሲዘፈን የምቱና የስንኙ አወቃቀር አስቀድሞ የታወቀ ቢሆንም የዜማውን መውጣትና መውረድ የሚወስነው ግጥሙ ነው። ለታወቀ ዜማ አዲስ ግጥም የሚጽፍ ደራሲ ደግሞ በተራው ቃናቸው ለዜማው የሚስማሙ ቃላትን መምረጥ አለበት። «ናም ያም» የመሳሰሉ፣ ዓይነ ስውራን አዝማሪዎች ይተርኩባቸው የነበሩ የአካባቢው ዜማዎችም ወደ መድረኩ የገቡት በዚሁ የቋንቋ ዝምድና ነው።

አጃቢዎቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ከበሮ፣ ጎንግ፣ ጸናጽልና የእንጨት መምቻ የተዋናዩን እርምጃና ፍልሚያ ይመራሉ፤ ባለ ክርና የትንፋሽ መሣሪያዎች ደግሞ ዘፈኑን ይከተላሉ። ከክሮቹ መሪው «ጋኦሁ» ነው። ይህን በደጋን የሚመታና ሁለት ክር ያለው መሣሪያ በ1920ዎቹ ያስተዋወቀው ሙዚቀኛው ሊዩ ዌንቼንግ ነው፤ የሐሩን ክር በብረት ክር ተክቶ ድምፁን ከፍ አደረገው። በዚያው ዘመን ቫዮሊን፣ ሳክስፎንና ጊታርም ከባህላዊዎቹ ጋር ተቀላቀሉ።

በመድረኩ ላይ ዕቃ ጥቂት ነው፤ አለንጋ የያዘ ሰው ፈረስ ጋላቢ ነው፤ ረጅሙ ነጭ የእጅጌ ጫፍ ሲወረወርና ሲሰበሰብ ቁጣን፣ ኀዘንን ወይም ኀፍረትን ይናገራል። በሆንግ ኮንግ ወንድና ሴት በአንድ ቡድን እንዲጫወቱ የተፈቀደው በ1933 ነው፤ ሆኖም አንዱ ጾታ የሌላውን ገጸ ባሕርይ መጫወቱ አልቀረም። በወንድ ገጸ ባሕርያት የታወቀችው ያም ኪም ፋይ ሴት ነበረች። እርሷና ባክ ሱት ሲን በመሪነት የተጫወቱት፣ ቶንግ ቲክ ሳንግ የደረሰው «የአበባዋ ልዕልት» በ1957 ለመድረክ በቅቶ እስከ ዛሬ ይታያል።

ኦፔራው በመድረክ አልተወሰነም። ዘፈኖቹ ያለ ትወና በሻይ ቤትና በአማተር ማኅበራት ይዘፈኑ ነበር፤ በሸክላና በራዲዮም ተሰራጭተዋል። በካንቶንኛ የሚዘፈነው የሆንግ ኮንግ ዘመናዊ ሙዚቃ ከዚሁ ምንጭ ቀድቷል፤ የዛሬዎቹ የዘፈን ግጥም ደራሲዎችም ቃልን ከቃና የማስማማቱን ሕግ ይከተላሉ። ስደተኞችም ጥበቡን ይዘው ተጉዘዋል፤ በሳን ፍራንሲስኮ ገና በ1852 ትርዒት ቀርቧል።

ዩኔስኮ ኦፔራውን በ2009 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። በሆንግ ኮንግም በ2019 ለቻይና ባህላዊ ቲያትር የተሠራ ትልቅ ማዕከል ተከፍቷል። ከዚህ ሁሉ ጋር የጥንቱ ልማድ አልጠፋም። የመንደሩ አምላክ የልደት በዓል ሲደርስ ከቀርከሃ ትልቅ ዳስ ይጣላል፤ ትርዒቱ በቅድሚያ ለአምላኩ የሚቀርብ በመሆኑ መድረኩ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ወደ ቤተ መቅደሱ ያዞራል። በዓሉ ሲያልቅ ዳሱ ይፈርሳል፤ ቡድኑም ወደሚቀጥለው መንደር ይሄዳል።