ያውቁ ኖሯል? ኖሪልስክ፦ መንገድ የማይገባባት የኒኬል ከተማ

በሰሜን ሳይቤሪያ፣ ከአርክቲክ ክበብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ዘልቃ የተቆረቆረች ከተማ አለች። እህል አይበቅልባትም፤ ጥንታዊ የንግድ መስመርም አላለፈባትም። 175 ሺህ ያህል ሰው እዚያ የሚኖረው ከመሬቱ ሥር ባለው ነገር ብቻ ነው። የዛሬው ዓምዳችን ለኖሪልስክ ተሰጥቷል። ዓመቶቹም ወራቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከከተማዋ በፊት

● የኖሪልስክ ሀብት የተጠራቀመው ከ250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ያኔ ሳይቤሪያን ያጥለቀለቀው የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዓለት ኒኬሉን፣ መዳቡን፣ ፕላቲነሙንና ፓላዲየሙን ከምድር ጥልቅ ይዞት ወጣ። ብዙ ተመራማሪዎች በምድር ታሪክ ከታዩት የፍጥረታት እልቂቶች ሁሉ የከፋውን ያስከተለው ይኸው ፍንዳታ ነው ይላሉ።

● በ19ኛው መቶ ዘመን በቅርቧ የወደብ ከተማ በዱዲንካ ነጋዴ የነበረው ሶትኒኮቭ በአካባቢው መዳብ ማቅለጥ አማረው፤ ለምድጃው የሚሆን ጡብ ግን አጣ። መላ አላጣም። የዱዲንካን የጡብ ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ በምትኩ የእንጨት አሠራና በጡቡ ምድጃውን ገነባበት ይባላል።

● የሥነ ምድር ተመራማሪው ኒኮላይ ኡርቫንትሴቭ በ1919 ወደ ሥፍራው የመጣው ኒኬል ፍለጋ አልነበረም። የታዘዘው በሰሜኑ ባሕር ለሚመላለሱ መርከቦች የድንጋይ ከሰል እንዲፈልግ ነበር። ከሰሉንም አገኘ፤ የበለጠ ዋጋ ያለውንም አገኘ።

● የከተማዋ የመጀመሪያ ቤት በ1921 የኡርቫንትሴቭ ቡድን ከግንድ የሠራው ነው። ዛሬም ቆሟል፤ ሙዚየም ሆኗል።

● በ1922 ኡርቫንትሴቭ በፒያሲና ወንዝ በኩል ወደ ባሕሩ ሲወርድ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። ኖርዌያዊው አሳሽ ሮአልድ አሙንድሰን ደብዳቤ አስይዞ የላካቸው ሁለት መርከበኞች ጠፍተው ነበር፤ ደብዳቤዎቹንና የአንደኛውን አጽም አገኘ። የኖርዌይ መንግሥትም የወርቅ ሰዓት ሸለመው።

የእስረኞች ከተማ

● በሰኔ 1935 የሶቪየት መንግሥት የኖሪልስክ የብረታ ብረት ፋብሪካ እንዲገነባ ሲወስን ሥራውን የሰጠው ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ለማዕድን ወይም ለኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት አልነበረም። የሰጠው ለምሥጢራዊው ፖሊስ፣ ለኤንኬቪዲ ነው። ሠራተኛ ፈልጎ የሚቀጥር ሳይሆን እስረኛ የሚያመጣ እሱ ስለነበረ።

● ኖሪልላግ የተባለው የጉልበት ሥራ ካምፕ ከ1935 እስከ 1956 ቆየ። በ1951 መጀመሪያ ላይ ከ70 ሺህ በላይ እስረኞች ነበሩበት።

● ማዕድኑን ያገኘው ኡርቫንትሴቭ ራሱ በ1938 ታሰረ። ፍርደኛ ሆኖም ወደ ኖሪልስክ ተላከ፤ በእስር ላይ ሳለም ማዕድን ፍለጋውን ቀጠለ። በኋላ ንጹሕነቱ ታውጆ ስሙ ታደሰ። በ1985 ሌኒንግራድ ውስጥ ሲያርፍ አመዱ የተቀበረው በኖሪልስክ ነው፤ አንድ ጎዳናም በስሙ ተሰይሟል።

● የሥነ ፈለክ ሊቁ ኒኮላይ ኮዚሬቭና የታሪክ ተመራማሪው ሌቭ ጉሚልዮቭ በኖሪልስክ አብረው ታስረዋል። ጉሚልዮቭ የሁለት ታላላቅ ባለቅኔዎች፣ የኒኮላይ ጉሚልዮቭና የአና አኽማቶቫ ልጅ ነው።

● ተዋናዩ ኢኖኬንቲ ስሞክቱኖቭስኪ በ1964 በሶቪየት ፊልም ሐምሌትን ሆኖ ዓለም ሳያውቀው በፊት በኖሪልስክ ቴአትር ቤት ይሠራ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጀርመኖች ተማርኮ አምልጧል፤ የተማረከ ሰው ሁሉ በሚጠረጠርበት በዚያ ዘመን ከዚህ የራቀ መደበቂያ አልነበረም። በዚያው መድረክ ግዞተኛው ጆርጂ ዥዦኖቭም ይተውን ነበር።

● ፋብሪካው ንጹሕ ኒኬል ማምረት የጀመረው በ1942፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ወቅት ነው። ኒኬል ለታንክ ብረት ጥንካሬ የግድ ስለነበረ የመጀመሪያው ምርት በአውሮፕላን ተጫነ።

● ስታሊን በሞተ በሦስተኛው ወር፣ ግንቦት 26 ቀን 1953፣ ጎርላግ የተባለው ሌላው የኖሪልስክ ካምፕ እስረኞች ሥራ አቁመው ዓመፁ። ጥቁር ባንዲራ ሰቅለው ከሁለት ወር በላይ ጸኑ፤ በነሐሴ መጀመሪያ በጥይት ተበተኑ። የሚገርመው ኖሪልስክ የከተማነት ማዕረግ ያገኘችው ዓመፁ ገና ሳይበርድ፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ነው።

● በሽሚዲቲኻ ተራራ ግርጌ ለሞቱት እስረኞች የመታሰቢያ ሥፍራ አለ። ኖሪልስኮች ጎልጎታ ይሉታል።

በበረዶ ላይ መቆም

● የኖሪልስክ መሬት ከላይ ካለው ስስ ሽፋን በቀር ዓመቱን ሙሉ እንደ ድንጋይ በርዶ የሚኖር አፈር ነው። ቤት በቀጥታ ቢሠሩበት የቤቱ ሙቀት አፈሩን ያቀልጠዋል፤ ቤቱም ይሰምጣል። ስለዚህ ሕንፃዎቹ በጥልቅ በተተከሉ የአርማታ ምሰሶዎች ላይ ይቆማሉ። ከወለሉ በታች ነፋስ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ቅዝቃዜው እንዳይቋረጥ።

● ይህን አሠራር ከተማ ለመገንባት ያበቃው መሐንዲስ ሚኻይል ኪም የቀድሞ እስረኛ ነበር፤ ዘሩ ከኮሪያ ነው። በ1966 የሌኒን ሽልማት ከተሰጣቸው ባለሙያዎች አንዱ ሆነ።

● የከተማዋ ዋና ጎዳና ሌኒንግራድን ቢያስታውስዎ አይገረሙ፤ ዋናው አርክቴክት ቪቶልድ ኔፖኮይቺትስኪ የዚያ ሰው ነበር። ሌሎቹ ሁለት ነዳፊዎች፣ ጌቮርግ ኮቻርና ሚካኤል ማዝማንያን፣ በግፍ የታሰሩ አርመናውያን ናቸው።

● የመኖሪያ ሕንፃዎቹ ግቢውን ዙሪያውን ከበው ይሠራሉ። ለውበት አይደለም፤ ነፋሱን ለመመከት ነው።

ጨለማና ውሽንፍር

● ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ ለ45 ቀናት ያህል ፀሐይ በኖሪልስክ አትወጣም። በበጋ ደግሞ ከሁለት ወር በላይ አትጠልቅም፤ ሰው በወፍራም መጋረጃ ሌሊትን ይፈጥራል።

● የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ገደማ ነው። በክረምት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ብርቅ አይደለም፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው።

● የኖሪልስክ ተማሪዎች ጠዋት በጉጉት የሚሰሙት የትኛውን ዜና እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? «አክቲሮቭካ»ን ነው፤ በብርድ ወይም በውሽንፍር ምክንያት ትምህርት መዘጋቱን። ብርዱና ነፋሱ ተሰልቶ መጀመሪያ የሚቀሩት ትንንሾቹ ናቸው፤ ሲብስ ትልልቆቹም ይከተላሉ።

● ውሽንፍር ሲነሣ በከተማዋና በታልናኽ፣ በካየርካን ሰፈሮች መካከል ያሉት አውቶቡሶች ብቻቸውን አይሄዱም፤ በአጀብ ተከታትለው ይጓዛሉ። አንዱ ቢቆም ተሳፋሪው ወደ ሌላው ይዛወራል።

● እንዲህም ሆኖ በክረምት የሚዋኙ አሉ። የኤሌክትሪክና የሙቀት ጣቢያው ውኃ የሚገባበት ዶልጎዬ ሐይቅ አንዱ ጥግ አይበርድም፤ የከተማዋ ብርድ ወዳጆች እዚያ ይጠልቃሉ።

ከቀረው ሩሲያ ጋር

● ኖሪልስክን ከሌላው የሩሲያ ክፍል ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድም ሆነ የባቡር ሐዲድ የለም። በአውሮፕላን ወይም በመርከብ ብቻ ነው። ነዋሪዎቹ የቀረውን አገር «ማቴሪክ»፣ ዋናው ምድር ይሉታል፤ ራሳቸው የሚኖሩት በዚያው አህጉር ሆኖ ሳለ።

● ያለው አንድ ሐዲድ ከኖሪልስክ እስከ ዱዲንካ ወደብ ብቻ የሚሄድ ነው፤ በ1937 እስረኞች ዘረጉት። ስታሊን በ1947 ሌላ የሰሜን ሐዲድ ከሳሌኻርድ ወደ ኢጋርካ አስጀምሮ ነበር። በ1953 እሱ ሲሞት ሥራውም አብሮ ቀረ፤ ዛሬ የዛገው ሐዲድ ደን ውስጥ ወድቋል።

● በዱዲንካ ወደብ የየኒሴይ ወንዝ በረዶ በፀደይ ሲሰበር ውኃው ወደቡን ያጥለቀልቀዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ክሬኖቹ ወደ ከፍተኛ ቦታ ይሸሻሉ፤ ጎርፉ ሲያልፍ ይመለሳሉ።

● መርከቦች ወደ ዱዲንካ ዓመቱን ሙሉ መመላለስ የጀመሩት በ1978 ነው፤ በኑክሌር ኃይል የሚሠሩ በረዶ ሰባሪ መርከቦች መንገድ ስለከፈቱላቸው።

● ፈጣን ኢንተርኔት በኬብል የደረሳት በ2017 ነው። ኬብሉን ያስዘረጋው የማዕድን ኩባንያው ኖርኒኬል ነው።

ኩባንያው፣ አየሩ፣ ውኃው

● ዛሬ ዋናው ማዕድን የሚወጣው በ1960 ከተገኘው የታልናኽ ክምችት ነው። ስካሊስቲ የተባለው ማዕድን ማውጫ ከ2,000 ሜትር በላይ ጠልቋል። ላይ ሁሉ ነገር ሲበርድ ታች ዓለቱ ራሱ ሞቃት ነው።

● በ1995 የሩሲያ መንግሥት ለአክሲዮን ብድር በተባለው ጨረታ የኩባንያውን 38 በመቶ በ170 ሚሊዮን ዶላር ለቭላዲሚር ፖታኒን ባንክ አሳልፎ ሰጠ። ፖታኒን ከሩሲያ ቱጃሮች ተርታ ተሰለፈ።

● ማቅለጫዎቹ ለዓመታት በየዓመቱ ወደ 2 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ለቀዋል። በዙሪያው ሰፊ ደን ደርቆ ቀርቷል። በ1942 የተከፈተው የኒኬል ማቅለጫ በ2016 ተዘጋ፤ በ2023 ደግሞ በናዴዥዳ ማቅለጫ ሰልፈሩን ይዞ የሚያስቀር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

● በ2016 ዳልዲካን ወንዝ ደም መሰለ፤ ከማቅለጫው የወጣ ፍሳሽ ነበር። በግንቦት 2020 የባሰው መጣ። የአንድ ነዳጅ ማጠራቀሚያ መደገፊያ ሰምጦ ከ20 ሺህ ቶን በላይ ናፍጣ ፈሰሰ። ኩባንያው 146 ቢሊዮን ሩብል፣ ማለትም 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ካሣ ከፈለ።

● አየሩ እየሞቀ፣ የበረደውም አፈር እየላላ ሲሄድ ምሰሶዎቹ አቅም ያጣሉ። የተሰነጠቁና የፈረሱ ሕንፃዎች በከተማዋ ጥቂት አይደሉም።

● በሰኔ 2019 የተራበች የዋልታ ድብ ከሩቅ ባሕር ዳርቻ መጥታ በከተማዋ ዳር ቆሻሻ ስትለቅም ተገኘች። ተይዛ ወደ ክራስኖያርስክ መካነ እንስሳት ተወሰደች።

ሰዎቿ

● በዓለም ከሁሉም ወደ ሰሜን ርቆ የተሠራው መስጊድ በኖሪልስክ እንደሚገኝ ያውቁ ኖሯል? ኑርድ ካማል ይባላል፤ በ1998 ተከፈተ። ያሠራው የከተማዋ ተወላጅ ታታር ባለሀብት ነው፤ ስሙንም ከወላጆቹ ስም ወሰደ። ሚናራው ክብ አይደለም፤ ለብርዱ ሲባል አራት ማዕዘን ሆነ። ከአዘርባጃንና ከዳግስታን የመጡ ሠራተኞች ይሰግዱበታል።

● ለዚህ ሁሉ መከራ የሚከፈል ነገርም አለ፤ የሰሜን አበል፣ ረጅም የዓመት ፈቃድና ቀደም ያለ ጡረታ። ብዙዎች «ለጥቂት ዓመት» ብለው ይመጣሉ፤ ልጆቻቸው ግን እዚያው ይወለዳሉ።

● መሄድ አማረዎት? ከ2001 ጀምሮ ኖሪልስክ ለውጭ ሰዎች ዝግ ናት፤ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። እርስዎ ባይሄዱም ግን እሷ መጥታልዎት ሊሆን ይችላል። ኖርኒኬል ከዓለም የማዕድን ፓላዲየም 40 በመቶ ያህሉን ያመርታል፤ ፓላዲየም ደግሞ ዋና ሥራው የቤንዚን መኪና ጭስ ማጥራት ነው። የራሷን አየር ማጥራት ያቃታት ከተማ የሌላውን ከተማ አየር ስታጠራ ኖራለች።