ኑዛዜ የሽማግሌ ብቻ ጉዳይ አይደለም

በአገራችን ኑዛዜ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበን በሞት አፋፍ ላይ የሚገኝ አዛውንትና ከራስጌው የተቀመጡ የነፍስ አባት ናቸው። በዶሃና በአካባቢዋ በምንኖር ተማሪዎች ዘንድም «ወጣት ነን፤ ንብረትም የለን፤ ምን እንናዘዛለን?» የሚል አስተሳሰብ ሰፍኖ ይገኛል። ይህ አስተሳሰብ መሠረት የሌለው መሆኑን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

አንደኛ፥ ንብረት ማለት ቤትና መሬት ብቻ አይደለም። በባንክ ያለ ጥቂት ሪያል፥ ለጓደኛ የተሰጠ ብድር፥ ኮምፒዩተርና መጻሕፍት ሁሉ ንብረት ናቸው። ትምህርቱን ጨርሶ እዚሁ ሥራ የሚይዝም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኳታር የሥራ ሕግ (ቁጥር 14) እንደሚለው ሠራተኛ በሥራ ላይ እያለ ቢሞት አሠሪው ያልተከፈለ ደመወዙንና የአገልግሎት ክፍያውን በ15 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ያስረክባል። ፍርድ ቤቱም በሸሪዓ ወይም በሟቹ አገር ሕግ መሠረት ለወራሾች ያከፋፍላል። ባለመብቱ ሳይታወቅ 3 ዓመት ካለፈ ግን ገንዘቡ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ይሆናል። እንግዲህ ደሴ ወይም ጎንደር ያለ ቤተሰብ ልጁ የት እንደሚሠራ፥ ገንዘቡን የት እንዳስቀመጠ ካላወቀ ምን ሊጠይቅ ይችላል?

ሁለተኛ፥ ኑዛዜ ከሌለ የሚወርሰውን የሚወስነው ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ቀዳሚዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ ልጅ ከሌለ አባትና እናት ይወርሳሉ። ባል ወይም ሚስት ከጋራ ንብረት ድርሻቸውን ይወስዳሉ እንጂ ያለ ኑዛዜ አይወርሱም። ልጅ ሳይወልድ ለሞተ ሰው ወላጆቹ በሕይወት ካሉ፥ ያሳደገችው አክስት፥ ለትምህርቱ የከፈለች ታላቅ እኅት፥ እጮኛውም ምንም አያገኙም። ሕጉ ውለታን አያውቅም፤ ውለታን የሚያውቀው ተናዛዡ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፥ «ለወንድሜ ውክልና ልኬያለሁ» ማለት በቂ አይደለም። ውክልና በመሠረቱ በወካዩ ሞት ይቀራል። የቃል ኑዛዜም እንደሚታሰበው ጠንካራ አይደለም፤ በ2 ምስክሮች ፊት የሚነገር ሲሆን፥ ከቀብር ሥርዓትና ከሕፃናት ሞግዚት ጉዳይ ሌላ ለአንድ ሰው ከ500 ብር በላይ ማውረስ አይቻልበትም። 3 ወር ካለፈውም ይፈርሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በአገራችን ሕግ 16 ዓመት የሞላው ሰው መናዘዝ ይችላል። ቀላሉ መንገድ በራስ እጅ የተጻፈ ኑዛዜ ነው። ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ ይጻፋል፤ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ይነገርበታል፤ በየገጹ ቀንና ፊርማ ይደረግበታል። ምስክር አያስፈልገውም። ነገር ግን በ7 ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። በሌላ ሰው የሚጻፍ ከሆነ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው መፈረም አለበት። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አይናዘዙም፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ይጽፋል። በሸሪዓ የሚተዳደር ደግሞ በኑዛዜ የሚሰጠው ከሀብቱ ሢሶ እንደማይበልጥ፥ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱም ለወራሽ መናዘዝ እንደማይቻል ያስታውስ።

ከኑዛዜው ጎን የባንክ ሒሳብ፥ የአሠሪ አድራሻ፥ የብድርና የዕዳ ዝርዝር ይቀመጥ፤ የት እንዳለም አንድ የሚታመን ሰው ይወቅ። ሥራው ከአንድ ምሽት አይበልጥም። ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት አይደለም፤ በሩቅ ሆነው የሚጠብቁንን ወገኖች ከክርክርና ከእንግልት ማዳን ነው። ስለሆነም እያንዳንዳችን ከመጪው የፈተና ወቅት በፊት ወረቀታችንን እንጻፍ።