ስለ ኮሎምቦስ በዓል፥ እውነቱና ተረቱ

በኢሉባቦር በቡሬ ክረምቱ ሲያልቅ ልጆች በምድጃው ዙሪያ ተቀምጠው የበቆሎ እሸት ይጠብሳሉ። በቆሎ የባሕር ማሽላ ተብሎም ይጠራል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ እህል ነውና። በወጥ የሚጨመረው በርበሬም እንዲሁ ነው። የሁለቱም የመጀመሪያ አገር አሜሪካ ነው። ቡና ደግሞ ከኢትዮጵያ ዱር ወጥቶ ዛሬ በአሜሪካ ምድር በብዙ ይበቅላል። ይህ መለዋወጥ የተጀመረው ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ የሚባል መርከበኛ ታላቁን ባሕር ከተሻገረ በኋላ ነው።

የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት ለዚህ ሰው መታሰቢያ የሚሆን በዓል አለው። ቀኑም የኦክቶበር ወር ሁለተኛው ሰኞ ነው፤ በኢትዮጵያ መስከረም ሲያልቅ ወይም ጥቅምት ሲጀምር ይውላል። ስለ ኮሎምቦስ ግን እውነትም ተረትም ይነገራል፤ ሁለቱን መለየት ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኮሎምቦስ ጀኖቫ በምትባል በኢጣልያ ከተማ ተወለደ። በ1492 ዓ.ም. ሦስት መርከቦች ይዞ ከእስጳንያ ተነሣ። አሳቡም ወደ ምዕራብ ሄዶ ሕንድን ለማግኘት ነበር። ኦክቶበር 12 ቀን ከአንዲት ደሴት ደረሰ። ይህ እውነት ነው። ደፋርና ጽኑ መርከበኛ እንደ ነበረም አይካድም።

የመጀመሪያው ተረት፥ «በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ምድር ጠፍጣፋ ናት ይል ነበር፤ ክብ መሆንዋን ያስረዳ ኮሎምቦስ ነው» የሚል ነው። ነገር ግን የተማሩ ሰዎች ምድር ክብ መሆንዋን ከብዙ ዘመን በፊት ያውቁ ነበር። ኤራቶስቴኔስ የሚባል ሊቅ ክርስቶስ ከመወለዱ ከ200 ዓመት በፊት በግብጽ ተቀምጦ የምድርን ዙሪያ ለክቷል። ሊቃውንቱ ኮሎምቦስን የተቃወሙት ስለ መንገዱ ርዝመት ነበር። እርሱ ምድርን ከመጠንዋ አሳንሶ ገምቷት ነበርና፥ በዚህ የተሳሳተ እርሱ ነው።

ሁለተኛው ተረት፥ «አሜሪካን መጀመሪያ ያገኘ ኮሎምቦስ ነው» የሚል ነው። በዚያ ምድር ግን ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ ሰዎች ይኖሩበት ነበር። ከኤውሮፓም ቢሆን ሌይፍ ኤሪክሰን የሚባል የሰሜን ሰው ከእርሱ 500 ዓመት ያህል ቀድሞ ደርሷል። እንግዳ ወደ ሰው ቤት ገብቶ፥ «ይህን ቤት ያገኘሁ እኔ ነኝ» ቢል ባለቤቱ ምን ይላል? በጎጃም በሰከላ ያለውንም የዓባይን ምንጭ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ዓ.ም. አይተውታል። የሰከላ ሰዎች ግን ከአባቶቻቸው ጀምሮ ያውቁታል።

ሦስተኛው ተረት፥ «ኮሎምቦስ አዲስ ዓለም ማግኘቱን ዐውቆ ነበር» የሚል ነው። እርሱ ግን አራት ጊዜ ተመላልሶ በ1506 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ የደረሰበት አገር እስያ ይመስለው ነበር። ስለዚህ የአገሩን ሰዎች ሕንዶች ብሎ ጠራቸው። አሜሪካ የሚለው ስምም የወጣው አሜሪጎ ቬስፑቺ ከሚባል ከሌላ መርከበኛ ስም ነው።

ከተረቱ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ተሸሽጎ የቆየው እውነት ነው። የደሴቲቱ ሰዎች ኮሎምቦስን በቀቀንና የጥጥ ፈትል ይዘው በሰላም ተቀበሉት። እርሱ ግን በ1495 ዓ.ም. 500 ያህል ሰዎች ለባርነት ወደ እስጳንያ ላከ፤ ብዙዎቹም በባሕር ላይ ሞቱ። የቀሩትን ወርቅ ፍለጋ፥ ጦርና ከኤውሮፓ የመጣ በሽታ ፈጃቸው። ስለ ክፉ አገዛዙም ክስ ስለ በዛ፥ የእስጳንያ ነገሥታት የላኩት ሹም በ1500 ዓ.ም. ኮሎምቦስን በሰንሰለት አስሮ መለሰው።

ታዲያ በዓሉ ለምን ቆመ? በ1891 ዓ.ም. በኒው ኦርሊንስ ከተማ የተቈጣ ሕዝብ 11 የኢጣልያ ተወላጆችን ያለ ፍርድ ገደለ። በሚከተለው ዓመት ፕሬዚዳንት ሃሪሰን ኮሎምቦስ የደረሰበት 400ኛ ዓመት እንዲከበር ዐወጀ። የተናቁት ኢጣልያውያን፥ «ከእኛም ወገን የተከበረ ሰው አለ» ብለው በዚህ ቀን ተጽናኑ። ለአገሩ ተወላጆች ግን ያው ቀን የሐዘን ቀን ነው። ስለዚህ የበርክሊ ከተማ በ1992 ዓ.ም. ቀኑን የነባር ሕዝቦች ቀን ብላ ሰየመችው፤ ሌሎችም ከተሞች ተከተሉ። በ2021 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ባይደን ሁለቱም ስሞች በአንድ ቀን እንዲታሰቡ ዐወጀ።

ትጉህ ሰውን ማመስገን መልካም ነው። ነገር ግን አንዱን ለማክበር የሌላውን እንባ መሸሸግ አይገባም። የሰውን በጎነቱንም ጥፋቱንም እንዳለ የሚናገር እርሱ በእውነት ያከብራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።