ዋት ብቻውን ጥሩ ድምፅ አይሆንም

በአነስተኛ ዋጋ የኮምፒውተር ስፒከር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የዋት ቁጥር ላይ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የተለካበት መንገድ ከቁጥሩ ይበልጥ ወሳኝ ነው። «አርኤምኤስ» ስፒከሩ ያለማቋረጥ የሚሠራበትን ኃይል ያመለክታል፤ «ፒክ» ግን ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። ለምሳሌ የሎጂቴክ ዜድ313 ፒክ 50 ዋት ሲሆን አርኤምኤሱ 25 ዋት ነው። «ፒኤምፒኦ» እየተባለ በሺዎች የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ ወጥ መለኪያ ስለሌለው ለማወዳደር አይረዳም።

ጆሯችንም የኃይልን ጭማሪ በቁጥሩ ልክ አይሰማም። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማን ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል ማደግ አለበት። ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው ጥቂት ዋት ይበቃል።

ትንንሽ ስፒከሮችን የሚፈትናቸው ጎርናናው ድምፅ፣ ማለትም ቤዙ ነው። ጤናማ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር የሚርገበገበው 41 ኸርዝ ገደማ ላይ ነው። ስፒከር ድምፅ የሚፈጥረው አየር በመግፋት ሲሆን፣ ድግግሞሹ በግማሽ ሲወርድ ያንኑ የድምፅ መጠን ለማግኘት አራት እጥፍ አየር መግፋት ይኖርበታል። አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስፒከር ለዚህ አቅም የለውም። «2.1» የሚባሉት ስብስቦች ቤዙን ሰብዉፈር ለተባለ ሌላ ሣጥን የሚሰጡት ለዚህ ነው። በጣም ጎርናና ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ ለመለየት ስለሚቸገር ሣጥኑ ጠረጴዛ ሥር መቀመጥ ይችላል።

ለጌም ፍንዳታውና የሞተሩ ጩኸት በሰብዉፈር ይደምቃል። ተጫዋቹን የሚጠቅመው ግን የጠላት ኮቴ ከግራ ይሁን ከቀኝ ማወቁ ነው። አንጎላችን አቅጣጫ የሚለየው ድምፁ ሁለቱ ጆሮዎች ዘንድ በሚደርስበት፣ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ የጊዜ ልዩነት፣ እንዲሁም በጥንካሬው ልዩነት ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ከምስሉ ኋላ ሊያስቀር ስለሚችል ለጌም ባለ ሽቦው ይመረጣል።

ሙዚቃ የሚፈልገው ሌላ ነው። ዘፋኙን የምንሰማው ከቤዙ በላይ ባለው መካከለኛ ድምፅ ላይ ነው። በርካሽ 2.1 ስብስቦች ውስጥ ትንንሾቹ ስፒከሮች ወደ ታች በበቂ ሁኔታ ስለማይወርዱ በእነሱና በሰብዉፈሩ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ የወንድ ድምፅ የሚሳሳውም እዚያው ላይ ነው። በአንጻሩ ኤዲፋየር አር1280ቲ ሰብዉፈር ባይኖረውም በእያንዳንዱ ሣጥን ባለ 4 ኢንች ስፒከርና ለቀጭኑ ድምፅ ባለ 13 ሚሊ ሜትር ጉልላት ቅርጽ ስፒከር አለው። ቦታና ገንዘብ ለሚያጥረው ደግሞ በዩኤስቢ የሚሠራው ክሪኤቲቭ ፔብል፣ ፊቱ 45 ዲግሪ ወደ ጆሮ የቀና በመሆኑ፣ በ4.4 ዋት ብቻ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ጥልቅ ቤዝ ግን አይጠበቅበትም።

እንግዲህ ለጌም ድምቀት ብቻ ከሆነ 2.1 ይግዙ። ለሙዚቃም ለጌምም ከሆነ ገንዘብዎን በሁለት ደህና ሣጥኖች ላይ ያውሉ። ሁለቱንም ከራስዎ እኩል አርቀው፣ በጆሮዎ ቁመት ያስቀምጧቸው፤ ቤዙ ካነሰ ወደ ግድግዳ ያስጠጓቸው። ከመክፈልዎ በፊት ግን በደንብ የሚያውቁትን ዘፈን በሚያወዳድሯቸው ስፒከሮች ሁሉ ላይ በእኩል የድምፅ መጠን ያዳምጡ፤ ከፍ ብሎ የተከፈተው ሁሉ የተሻለ መስሎ ይሰማልና።